የመሥራቹ አባት መቃብርና የእኛ አደራ



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። እኔም በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ብዕር ለማንሣት ያበቃኝን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ባለፈው ዓመት አንዲት የእድራችንን እናት ልንቀብር በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ሳለ፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔ ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄደ። በዚያ ጥግ፣ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያቋቋሙት፣ መጀመሪያም ታቦት አስገብተው የቀደሱት ካህን መቃብር ነበረ። በላዩ ላይ በእጅ የተጠረበ ድንጋይ ቆሞ፣ ስማቸውና ያረፉበት ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ እጄን ይዛ ወስዳ አሳይታኛለች።

አሁን ድንጋዩ በቦታው የለም። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ዞር ዞር ብዬ ስፈልግ፣ ከአጥሩ ሥር ከአሮጌ ቆርቆሮና ከአሸዋ ክምር ጋር ተደግፎ፣ ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። ከስማቸው የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። አዲስ ሕንጻ በሚሠራበት ጊዜ ለመንገድ ተብሎ የተነሣ ይመስላል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የማወራው፤ ሥራ ባለበት ድንጋይ ይነሣል። የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። አጠገቤ የነበረ አንድ ወጣት የእድራችን አባል፣ «ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አምሮበት ቆሟል አይደል? ድንጋዩ ምን ያደርጋል?» አለኝ።

ልጁ በክፋት አልተናገረም። እኔም በዚያ ሰዓት መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስል ግን መልሱ ከእኛ ሰፈር ርቆ፣ በአንድ ትልቅና ጥንታዊ ገዳም ታሪክ ውስጥ እንዳለ ታየኝ። ይኸውም የደብረ ሊባኖስ ታሪክ ነው። ስለዚህ ዛሬ የዚያን ቦታ ነገር እንደ አቅሜ ልተርክላችሁና በመጨረሻው ወደ እኛይቱ የተሰበረች ድንጋይ እመለሳለሁ። የምጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በጎጃም መንገድ፣ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰላሌ ይገኛል። መሥራቹ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የተወለዱት በቡልጋ፣ ጽላልሽ፣ ኢቲሳ በተባለው ስፍራ ሲሆን አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። በልጅነታቸው ፍስሐ ጽዮን ተብለው ተጠሩ። የኖሩት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። ወደ ሰሜን ወጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተማሩ፤ ደብረ ዳሞም ደርሰው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ ጥቂት ደቀ መዛሙርት ይዘው፣ በዚያ በገደሉ ሥር ባለው ዋሻ የተቀመጡት። ቦታው ያን ጊዜ ደብረ አስቦ ይባል ነበር።

ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ እዚያ ቦታ ትልቅ ሕንጻ የለም፣ ጉልላት የለም፣ ደወል የለም። ዋሻ፣ ምንጭና ጥቂት መነኮሳት ብቻ ነበሩ። ገድላቸው በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመው እንደጸለዩ ይተርካል፤ ሠዓሊዎቻችንም እስከ ዛሬ ባለ ስድስት ክንፍ አድርገው፣ የተቆረጠች እግራቸውን ከአጠገባቸው አድርገው ይሥሏቸዋል። ነሐሴ 24 ቀን ባረፉ ጊዜ የቀበሯቸው እዚያው በዋሻቸው ውስጥ ነው። ይኼም የአንድ ድሀ መነኩሴ ቀብር እንጂ የትልቅ ሰው ቀብር አልነበረም።

ከእሳቸው ቀጥሎ አባ ኤልሳዕ ተሾሙ፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ቀጥለውም አባ ፊልጶስ ተሾሙ። እኚህ አባት ዐፄ ዓምደ ጽዮንን በድፍረት ገሥጸው የተሰደዱ ናቸው። ልጆቹ እንዲህ ሲሰደዱና ሲሞቱ፣ የአባትየው መቃብር በዋሻው ቆየ። ሰው ያየው እንደሆነ፣ «በቃ፣ ተረሳ» ይል ነበር። ነገር ግን ካረፉ 57 ዓመት በሞላቸው ጊዜ፣ በአበ ምኔቱ በአባ ሕዝቅያስ ዘመን፣ መነኮሳቱ ተሰብስበው የአባታቸውን አጽም ከዋሻው አውጥተው በዝማሬና በማዕጠንት ወደ ተሠራላቸው ቤተ ክርስቲያን አገቡት። ቀኑ ግንቦት 12 ነበር። እስከ ዛሬም ግንቦት 12 ፍልሰተ አጽሙ ተብሎ ይከበራል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። 57 ዓመት ማለት ምን ማለት ነው? መሥራቹን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች አንድም ሁለትም ቢቀሩ ነው። ያን አጽም ያወጡት አብዛኞቹ አባትየውን አላዩአቸውም። ድምፃቸውን አልሰሙም። የሰሙት ከአባቶቻቸው አፍ ብቻ ነው። የማያውቁትን ሰው መቃብር ለማክበር ያን ያህል የደከሙት፣ ቦታው የማን ድካም እንደሆነ አደራ የነገራቸው ስለነበረ ነው። በእድራችን ቋንቋ ብንናገር፣ ይኸ የመሥራቹ ሙት ዓመት ነበር ማለት ነው፤ የታሰበው ግን በ57 ዓመቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ቦታው እየገነነ ሄደ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ አስቦ መባሉ ቀርቶ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። የገዳሙ አበ ምኔት እጨጌ እየተባለ፣ ጳጳሱ ከግብጽ በሚመጣባቸው በነዚያ ረጅም ዘመናት ሁሉ፣ ከኢትዮጵያውያን ካህናት የበላይ ሆነ። ይህ ማዕርግ አሁንም አልጠፋም። የመጨረሻው የተለየ እጨጌ የነበሩት አባ ገብረ ጊዮርጊስ፣ አቡነ ባስልዮስ ተብለው በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ከዚያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሙሉ ማዕርግ ሲነበብ «ወእጨጌ ዘመንበረ ተክለ ሃይማኖት» የሚል አለበት። በቅዳሴ ጊዜ እንሰማዋለን፤ ብዙዎቻችን ግን ከየት እንደመጣ አናስበውም። በዋሻ የተቀበሩት የዚያ መነኩሴ ስም ነው በየቀኑ የሚጠራው።

ነገሩ ሁሉ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም። በ1520ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስ ደረሰና ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለ። የኢማሙ የራሱ ታሪክ ጸሐፊ፣ ዐረብ ፈቂህ የተባለው፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲነድ አይተው ራሳቸውን ወደ እሳቱ እንደወረወሩ ጽፏል። ጠላት የጻፈው ስለሆነ እንደ ማጋነን አይቆጠርም። ከዚያ በኋላም ዘመኑ አልቀና ብሎ፣ እጨጌዎቹ በጎንደር ዘመን መቀመጫቸውን በአዘዞ አደረጉ። ከጥንቱ ሕንጻ ዛሬ ቆሞ የሚታይ የለም።

ግን መሥራቹ ያረፉበት ቦታ አልጠፋም። ለምን? ሕንጻው ቢቃጠል ስሙ ስላልተቃጠለ ነው። ሰዎች እየተመለሱ በዚያው ላይ ሠሩበት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ሲታነጽ፣ ያን ጊዜ የሰላሌ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ ናቸው። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው፣ መሠረቱ ሲቆፈር ጽሕፈት ያለበት የወርቅ ቀለበት እንደተገኘና እሳቸውም ወስደው ለዐፄ ምኒልክ እንዳስረከቡ ይተርካሉ። ይኸን ሳነብ በጣም ገረመኝ። ከመሬት በታች የድሮ ሰው እጅ ነበረ ማለት ነው። አዲስ ሕንጻ የሚሠራ ሰው ሲቆፍር የሚያገኘው የቀደመውን ሰው ነው። የእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ናት።

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ ልግባ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ባለበት፣ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለሦስት ቀን የወረደው መዓት የታወቀ ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ያስታወቀው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ግራዚያኒ ግን በዚህ አልበቃውም። ቦምብ ወርዋሪዎቹን ረድተዋል በሚል ሰበብ ዓይኑን ወደ ደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አዞረ። ጄኔራል ማሌቲ የተባለ አዛዥም ጦር ይዞ እንዲሄድ ታዘዘ።

ጦሩ በገዳሙ ሰዎቹን ያገደበት ቀን የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ። ግንቦት 12 ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት አጽም የፈለሰበት ቀን። ከየአገሩ ምእመናን፣ ካህናትና ተማሪዎች ለበዓሉ የመጡበት ቀን። የአባትን አጽም ለማክበር የተሰበሰበው ሰው በዚያው ቀን ታገደ። በማግሥቱ ግንቦት 13 መነኮሳቱ በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሰዋራ የወንዝ ዳር ተወስደው ተረሸኑ። ዲያቆናቱ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ተወስደው ግንቦት 18 ቀን ተገደሉ።

እኔ ዕድሜዬን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ፣ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ስለዚህ ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ የግራዚያኒ ቴሌግራም ነው። ወደ ሮም በላከው ዘገባ ቁጥሩን አሳምሮ አስቀምጦታል፤ ምክትል አበ ምኔቱን ጨምሮ 297 መነኮሳት፣ 23 ሌሎች ሰዎች፣ ኋላም 129 ዲያቆናት። ድምሩ 449 ይሆናል። ቁጥር አለ፣ ሰዓት አለ፣ የአዛዥ ስም አለ። የሟች ስም ግን የለም። አንድም! እንደ እህል ኩንታል ተቆጥረው አለፉ።

ቁጥሩም ቢሆን ጎዶሎ ነው። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከብዙ ዘመን በኋላ በእግራቸው እየዞሩ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ከሞት የተረፉትን ሰዎች ጠይቀው፣ የተገደሉት ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ገምተዋል። ወረቀቱ የደበቀውን ሽማግሌዎቹ አስታውሰው ነበር ማለት ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ሳይጠየቁ አልፈው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኛ በእጃችን የሚኖረው የገዳዩ ወረቀት ብቻ ነበር። ይህን ነገር እባካችሁ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እነዚያ ሰዎች ፍትሐት አልተደረገላቸውም። ከፈንም አላገኙም። ድንኳን አልተተከለላቸውም፤ ጡሩምባ አልተነፋላቸውም። እኛ የእድር ሰዎች ነን፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በአገራችን ብዙ ሰው «አጽሜን ደብረ ሊባኖስ አሳርፉልኝ» ብሎ ይናዘዛል፤ ዘመዶቹም ቃሉን አክብረው ሬሳውን ተሸክመው ሩቅ መንገድ ይሄዳሉ። የዚያው ቦታ መነኮሳት ግን፣ የሌላውን ሙታን ሲቀብሩ የኖሩት፣ ራሳቸው ቀባሪ አጡ።

በእድራችን ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ገዳሙን በ1520ዎቹ ያቃጠለው ሠራዊት እስላም ነበር፤ በ1929 መነኮሳቱን እንዲረሸኑ ያዘዙት ደግሞ ክርስቲያን ከሚባል አገር የመጡ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ የሆነው የጦርነት ሥራ ነው። የእኛ እድር ደግሞ ሬሳ ሲያነሣ ሃይማኖት ጠይቆ አያውቅም።

ከድል በኋላ ግን ደብረ ሊባኖስ ባዶውን አልቀረም። የተረፉት ተመለሱ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1950ዎቹ ዛሬ የምናየውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን በመሥራቹ መካነ መቃብር ላይ አሠሩ። እንግዲህ ቁጠሩ፤ በመጀመሪያ ዋሻ፣ ቀጥሎ የመነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ እሳት፣ ቀጥሎ የምኒልክ ዘመን ሥራ፣ ቀጥሎ እልቂት፣ ቀጥሎ ይኸኛው ሕንጻ። ሕንጻው ስንት ጊዜ ተለወጠ! ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ያልተለወጠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «እዚህ ያረፉት እኚህ ናቸው» የሚለው ቃል ነው።

በአንጻሩ ደግሞ ሌላ የሚያሳዝን ነገር ልንገራችሁ። በ2004 ዓ.ም. በጣልያን አገር አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በሕዝብ ገንዘብ፣ ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሕንጻ ተሠርቶ ተመረቀ። ነገሩ በእኛም በጣልያንም ብዙ ሰው አስቆጥቷል። እኔ ይህን የማነሣው ለቁጣ አይደለም። ማስታወስ ሥራ መሆኑን እንድናይ ነው። ገዳዩን የሚያስታውሱ ሰዎች ድንጋይ ለማቆም ካልሰነፉ፣ እኛ የተገደሉትንና የመሠረቱትን ለማስታወስ የምንሰንፍበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከደብረ ሊባኖስ ትምህርት የወጡ አንድ ሌላ አባት ልጨምር። አቡነ ጴጥሮስን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። የሰላሌ ሰው ናቸው፤ በደብረ ሊባኖስ ተምረዋል። በ1921 ዓ.ም. ከሌሎች ኢትዮጵያውያን አባቶች ጋር ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። አርበኞችን አላወግዝም፣ ለጣልያንም አልገዛም ስላሉ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ጠላት አስከሬናቸውን ለሕዝብ አልሰጠም፤ ደብቆ ቀበረው። ስለዚህ መቃብር የሌላቸው አባት ናቸው። ሕዝቡ በመቃብራቸው ፈንታ ያለው ያ በማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ ያለው ሐውልት ነው።

ያ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. የከተማ ባቡር ሐዲድ ሊሠራ ሲል ከቦታው መነሣቱን ታስታውሳላችሁ። ሲነሣ ለማየት የወጣው ሰው ብዙ ነበር። «አይመለስም» ያለ አለ፤ ያለቀሰም ነበር። እኔም ራሴ አይመለስም ካሉት ወገን ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ። ባቡሩ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ባቡሩ ከመሬት በታች ያልፋል፤ አቡነ ጴጥሮስ ከላይ ቆመዋል። ልማትና መታሰቢያ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ዋናው ነገር፣ ድንጋዩን ሲያነሡ ቁጥር ሰጥተው፣ ጠቅልለው፣ በሙዚየም አስቀምጠው፣ «የት ነበረ?» ሲባል የሚመልስ ሰው መኖሩ ነው። የእኛይቱ ድንጋይ ግን ስትነሣ የጠየቀ የለም፤ ከአሸዋ ክምር ጋር ወደቀች።

አሁን ለዚያ ወጣት ወንድማችን መልሴን ልስጥ። «ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፤ ድንጋዩ ምን ያደርጋል?» ነበር ያለኝ። ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሊቃጠል ይችላል፤ ሊፈርስ ይችላል፤ አምሮ ሊታደስም ይችላል። ደብረ ሊባኖስ ይህ ሁሉ ደርሶበታል። መልሶ የሚያቆመው ግን «ይህ ቦታ የእገሌ ድካም ነው» ብሎ የሚያውቅ ሰው ነው። ያን የሚያውቅ ሰው የጠፋ እንደሆነ፣ ሕንጻው ቢቆምም ቦታው ባዕድ ይሆናል። የእኛ አጥቢያ መሥራች አቡነ ተክለ ሃይማኖት አይደሉም፤ ገድል አልተጻፈላቸውም፣ ጻድቅም አልተባሉም። ይህ ሰፈር ጫካ በነበረበት ጊዜ በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ቀድሰው፣ የአያቶቻችንን ልጆች ያጠመቁ፣ የአያቶቻችንንም ሬሳ የፈቱ ተራ ካህን ናቸው። ለዚህም ነው ነገሩ በእኛ ላይ የወደቀው። ለትልቁ ገዳም ንጉሥ ይደርስለታል። ለተራው ካህን ከእድር በቀር ማን አለው?

አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ ገንዘብ ያዣችን፣ አሁን ፊታችሁን ስታኮሳትሩ ይታየኛል። «የእድር ገንዘብ ለሐዘንተኛ ነው እንጂ ለድንጋይ አይደለም» ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው። ‘የሞተ ተጎዳ’ ቢባልም፣ ባልዋ የሞተባት ሴት ልጆችዋን ይዛ ከድንኳኑ ስትወጣ ኑሮዋ ገና ነው። ከእዝኑ ገንዘብ አንድ ሳንቲም ይነካ አልልም፤ ቢነካም የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። እንደዚሁም የሌላ ሃይማኖት አባሎቻችን ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ይክፈሉ አይባልም። እነሱም የመጀመሪያውን ሸሃቸውን ወይም የመጀመሪያውን ሰባኪያቸውን በራሳቸው መንገድ ቢያስቡ እድሩ ደስ ይለዋል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ድንጋዩ አዲስ እብነ በረድ አያስፈልገውም። የተሰበረው ሁለቱ ቁራጭ ተገጥሞ በሲሚንቶ ቢያያዝና ቦታው ላይ ቢቆም ይበቃል። ስንጥቁ ቢታይ ምን አለበት? ስንጥቁም ታሪክ ነው። ይህን በፈቃደኞች እጅ፣ የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳደር አስፈቅደን፣ በአንድ ቅዳሜ መፈጸም ይቻላል። በእድራችን ውስጥ ግንበኛ አለ፤ አሸዋውም እዚያው አጠገቡ ተከምሯል።

ከድንጋዩ የሚበልጠው ግን ሁለተኛው ሥራ ነው። የስማቸው ግማሽ ጠፍቷል ብዬአለሁ። ሙሉውን ስም የሚያውቁ፣ ያጠመቋቸው፣ የልጆቻቸውን ልጆች የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ነገር ግን በዚህ ዓመት ብቻ ከእነሱ ውስጥ ስንቱን እንደቀበርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በላጋ ወልዴ የሆነውን ዛሬ የምናውቀው ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠያቂ ስላገኙ ነው አላልኩም? ስለዚህ የእድራችን ጸሐፊ አንድ ደብተር ይግዛ። በየወሩ ስብሰባ ላይ፣ መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የሚያውቀውን ይናገር፤ ጸሐፊውም ይጻፍ። ካህኑ ማን ነበሩ? ከየት መጡ? መጀመሪያ አብረዋቸው ታቦቱን ያጀቡት እነማን ነበሩ? መሬቱን የሰጠው፣ እንጨቱን የተሸከመው፣ ውኃ የቀዳችው ማን ናት? ስማቸው ሁሉ ይጻፍ። የሴቶቹም ስም ይጻፍ፤ በድንጋይ ላይ ስማቸው የሚቀረጽ ሴቶች ጥቂት ናቸውና።

እስቲ የእድራችንን መዝገብ አውጥታችሁ ተመልከቱት። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የቀበርነው ሰው ሁሉ በስሙ ተጽፏል። ድሀውም ሀብታሙም በአንድ መስመር፣ በአንድ ቀለም። እኔ በመሥሪያ ቤት ብዙ ዓይነት መዝገብ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ የተከበረ መዝገብ ግን አላየሁም። ግራዚያኒ ቁጥር ያለ ስም ጻፈ፤ እኛ ግን ሰው ያለ ስም ቀብረን አናውቅም። በዚያ መዝገብ ላይ የጎደለው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፤ የሌሎቹን ሁሉ ሬሳ ሲፈቱ የኖሩት የዚያ ካህን ስም።

ይህ ጽሑፍ በምትወጣበት ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጉዳዩን በአጀንዳ አስይዣለሁ። የምትቃወሙ በነፃነት ተቃወሙ፤ የምትደግፉ ግን በጭብጨባ ብቻ አይሁን፤ አካፋና መዶሻ ይዛችሁ ኑ። እኔ ዕድሜዬ ስድሳዎቹን ይዞ ወደ ላይ እየወጣ ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ድንጋዩ በሚቆምበት ቀን ሲሚንቶውን በጭልፋም ቢሆን አቀብላለሁ። ያ ወጣትም ቢመጣ ደስ ይለኛል። አንዱን ቁራጭ እሱ፣ አንዱን እኔ እንይዛለን፤ ስሙንም በሙሉ ጮክ ብሎ የሚያነበው እሱ ይሁን።

እግዚአብሔር ያለፉትን ነፍሳቸውን ይማር፤ ለቀረነውም ጤናና ፍቅር ይስጠን። ቸር ይግጠመን።